ግማሽ ሆኜ መጣሁልህ

ውድ ታዴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አንተ እንዴት ሰነበትክ ብዬ ብጠይቅህ መልስ አላገኝም፤ እኔ እንዴት እንደሰነበትኩ ብነግርህ ደግሞ አታምነኝም። ቢሆንም ስማኝ። ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ሳልሆን ግማሽ ሆኛለሁ። በራችንን በጎኗ ትገባ የነበረችው ሚስትህ ዛሬ ፊት ለፊት ገብታ ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ይተርፋታል። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ከሁለት ሰው በላይ አይጨምርም ነበር፤ ዘንድሮ አምስታችንም አንዱ ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ ሰብሳቢው ማን ቀረ ብሎ ሁለቴ ቆጠረን።

ከቤቱ ልጀምርልህ። የሣር ክዳኑን አንስቼ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። የጓሳ ሣር ሜዳ ለአጨዳ ሲከፈት ሄዶ ሣር የሚያመጣልኝ ሰው አንተ ነበርክና አትቀየመኝ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም፤ አንተ ብትኖር ምሳህን ይዘህ በጎቹ ጋ ትሄድ ነበር። የእነሱን ጉረኖ እንኳ አልነካሁትም፣ አንተ እንደከደንከው ነው። አልጋችንም እንዳለ ነው። በእኔ በኩል ሲያቃስት ጊዜ ከሥሩ የጨመርክለት አምስተኛ እግር አለ አይደል? አናጢው ሰሞኑን ሊነቅለው ፈልጎ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል አለኝ። እንዳትነካው አልኩት። ብዙ ዓመት ደክሟል፣ ጡረታውን ይብላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ነገር ልቤ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ነፍስህ አይታው ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ካላየችው ከእኔ ስማው። ስትቀበር አጠገብህ አልነበርኩም። አስከሬንህን ይዘው የሚካኤልን ዳገት ሲወጡ እኔ በቅሎህ ላይ ነበርኩ። ታውቃታለህ፣ እኔን ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። አንተ በሕይወት ሳለህ፣ እኔ ከመውጣቴ በፊት ጠጋ ብለህ በጆሮዋ ይቅርታ ትጠይቃት ነበር። ያን ቀን ይቅርታ የሚጠይቃት አልነበረምና ዳገቱ ሥር ስትደርስ ቆመች፤ ቢጎትቷት፣ ቢገፏት ወይ ፍንክች። ወርጄ በእግሬ ልሞክር ብል ጉልበቴ ከዳኝ፣ ትንፋሼ አጠረ። እዚያው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከታች ሆኜ ሰማሁት። ለአርባህም ለሙት ዓመትህም ከዚያ ድንጋይ አላለፍኩም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ መቃብርህ የት እንዳለ ሰው ከሩቅ በጣቱ ሲያሳየኝ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ።

ልጃችን ሰናይት ይህን ስለምታውቅ፣ አዲስ አበባ ነርስ ሆና ወደምትሠራበት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን ነካ ነካ አድርጎ፣ ጉልበቱ ጥፋት የለበትም፣ የተሸከመው ነገር ነው እንጂ አለኝ። ስኳሬም ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና እንዳለ፣ የሚቀረውም አንዲት ሙዝ እንደሚያህል አስረዳኝ። እኔ የመሰለኝ እንደ በግ ጨጓራ አውጥተው፣ አጥበው፣ ግማሹን መልሰው የሚከቱት ነው። የተቆረጠውን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ለዱለት ነው? ብዬ ብጠይቀው መነጽሩን አውልቆ እስኪያነባ ሳቀ። ታዴ፣ አንተ ብትኖር አትፈቅድልኝም ነበር። ጭኮ እያቀረብክ ብይ እንጂ የምትለኝ አንተ ነህ፤ አንተ ዘንድ ወፈረ ማለት ተመቸው ማለት ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ሳልነቃ ብቀር ልጅቷ አባቷንም እናቷንም ማጣቷ ነው እያልኩ ተጨነቅኩ። ግን ያ ድንጋይ ትዝ ሲለኝ እሺ አልኩ።

ነቃሁ። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ምልክት የለም። መጀመሪያ ውሃ በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን እየተለካ ተሰጠኝ። ሁዳዴ ረዘመ እያለች የምታማርረው ሚስትህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈሳሽ ብቻ ስትጠጣ ከረመች። ቀጥሎ አጥሚት ተፈቀደልኝ፤ የሰናይት አከራይ የአጥሚቱን ድስት አይተው፣ በዚህ ዕድሜዋ ወለደች እንዴ ብለው ጠየቁ አሉ። ከዚያ እንቁላል መጣ። ቀላል ነበር አልልህም። ቸኩዬ የዋጥኩ ቀን ያስመልሰኛል፣ ጸጉሬም በማበጠሪያ ይወጣ ጀመር፤ አንድ ቀንማ ከጎረቤት የገንፎ ሽታ ቢመጣብኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በአምስተኛው ወር ግን ቀሚሴ ከትከሻዬ እየወረደ አስቸገረኝ፣ ስኳሬም ተስተካከለ። ሐኪሙ ወደ አገርሽ ግቢ ብሎ ሲያሰናብተኝ፣ ጉርሻሽ ከአውራ ጣትሽ ጥፍር አይብለጥ፣ አንዷን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ሳታኝኪ አትዋጪ፣ አፍሽ ሞልቶ አትናገሪ ብሎ አስጠነቀቀኝ። በከተማችን በሞላሌ ጉድ የሠራኝ ይህ ትእዛዝ ነው።

እኛ አገር መቼም ሰው ሲከሳ እሰየው የሚለው የለም። ያየኝ ሁሉ ምን አገኘሽ፣ ምን ነካሽ ነው። ጎረቤቶቻችን ነገሩን ከሰናይት ሰምተው ነበር፤ የገጠር ሰው ግን አልሰማም። በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ገበያ ቀን፣ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጬ እንቁላሌን እበላለሁ። የሐዘን ልብሴን ገና አላወለቅኩም። ከዘመሮ የሚመጡት አልቃሽ እትዬ ደብሪቱ፣ ለአንተም ያለቀሱልህ፣ ሳሙና ፈልገው ገቡ። ዐይናቸው ደክሟል። ትኩር ብለው አይተውኝ መሐል ሜዳ ከተማ ያለችውን ታናሽ እህቴን መሰልኳቸው፤ እሷ ቀጭን አይደለች? እኔኑ፣ አስካለስ ወዴት ናት? አሉኝ። አፌ ውስጥ እንቁላል አለ፤ ገና አሥራ ሁለተኛውን ማኘኬ ነው። መናገር አልችል፣ መዋጥ አልችል። ቆዩኝ ለማለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ። ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት በአስካለ ሱቅ ተቀምጣ ራሷን ስትነቀንቅ ሌላ ምን ይገባቸዋል? እኔን! ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶውን አቀለጡት።

ለቅሶ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሞላሌ ውስጥ የለም። ሠላሳውን አኝኬ እስክጨርስ ሱቁ ከገበያ በመጡ ሴቶች ሞላ። እውነቱን ልንገርህ? ከዋጥኩ በኋላም ትንሽ ዝም አልኩ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚባልለትን መስማት እንዲህ በቀላሉ አይገኝማ! ደግ ነበረች አሉ። ሳቋ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር አሉ። አንገቴን ደፍቼ በደስታ እሰማለሁ። ከዚያ እትዬ ደብሪቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አወረዱት፦

ዳገቱ ገትቷት ባሏን ያልሸኘችው፣
በሰው ትከሻ ሄዳ አገኘችው።

ደስታዬ እዚያው ላይ ጠፋ። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ለካ በዚያ ነው። ብድግ ብዬ፣ አልሞትኩም፣ አስካለ ነኝ፣ እኔው ነኝ አልኳቸው። እትዬ ደብሪቱ ሦስቴ አማተቡ፣ ክንዴን ቆነጠጡኝ፣ ቀጥለው ተቆጡኝ። ያን የመሰለ ግጥም በከንቱ አስጨረስሽኝ፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ምን ልልሽ ነው? አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። በሕይወት መኖሬን በጉርሻ ካላረጋገጥን ብለው ሲያስቸግሩኝ ጥፍሬን እያሳየሁ በልክ ተቀበልኳቸው፤ እንዲህ ያለ ጉርሻ የሚያጎርስ ጠላት ነው እያሉ አጉረመረሙ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ እስከ ድንጋዩ። ሐኪሙ ቀስ በይ ስላለኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ባለፈው የሚካኤል ዕለት በቅሎህን አስከትዬ መጣሁ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች፤ እኔ በእግሬ ሳልፋት ግን ገርሟት ነው መሰለኝ ራሷ ተከተለችኝ።

አጋማሹ ላይ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ቆም ስል አንተ መጣህብኝ። አብረን ዳገት ስንወጣ ሁልጊዜ ጫማህ ይፈታ ነበር። ቆይ አስኩ፣ ማሰሪያዬ ተፈታ ትልና ጎንበስ ትላለህ፤ እኔ በደንብ እስክተነፍስ ድረስ ታስራለህ። ትንሽ ሄድ ስንል ደግሞ ይፈታል። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሸምግሎም ጫማ ማሰር አያውቅም እያልኩ ለሴቶቹ አማህ ነበር። እኔ እንደሆን ከትንፋሼ ጋር ስታገል እግርህን የማይበት ጊዜ የለኝም። ያን ዕለት እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ፤ ታዴ፣ አንተ እኮ ዕድሜህን ሙሉ ያደረግከው ኮንጎ ጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ብቻዬን ሳቅኩ፣ ብቻዬን አለቀስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ደክሞሻል ሳትለኝ አሳረፍከኝ። በጣም ነው የምወድህ፤ ያኔ አልነገርኩህም።

መቃብርህን ማንም ሳያሳየኝ አገኘሁት። ተሳለምኩ፣ ያመጣሁልህን ጧፍ አበራሁ፤ ሰናይት ደህና መሆኗንም ነገርኩህ። ልሄድ ስነሣ፣ እሷ የገዛችልኝ ሸራ ጫማ ማሰሪያው ተፈትቶ አየሁት። ድሮ ጎንበስ ብዬ እግሬን ማየት እንኳ አልችልም ነበር። አጠገብህ ተንበርክኬ በገዛ እጄ አሰርኩት፤ ሳልቸኩል፣ አንተ ትቆይ የነበረውን ያህል ቆይቼ። ከእንግዲህ በየወሩ በሚካኤል እመጣለሁ። በመጣሁ ቁጥርም አንተ ጋ ስደርስ ማሰሪያዬ ይፈታል።

ያንተው አስኩ