አጎቴ በየቀኑ የሚሰማው ባቡር

አባዬ፣

ከተለየኸን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ሳሪስ አቦን ለቅቀን ገላን ኮንዶሚኒየም ገብተናል። እማዬ ደህና ናት። የምጽፍልህ ግን ስለ ወንድምህ ስለ እንድሪስ ነው። እኛ ቤት ነው ያለው፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ።

ስኳር ዓይኑን አጠፋው። ልጆቹ ፊት ሲነሱት ሄጄ እጁን ይዤ አመጣሁት። ጎረቤቶቻችን መርቀው አይጠግቡኝም። ለምን እንዳመጣሁት አያውቁም።

ያቺን ሰማያዊ የእንግሊዝ ባቡር አሮጌ ቀን መቁጠሪያ ላይ አይተሃት፣ ከፋብሪካ በምታመጣው ቁርጥራጭ ብረት አስመስለህ ስትሠራት እያየሁ ነው ያደግኩት። ሹል አፍንጫዋን እየሞረድክ ታሪኳን ትነግረኝ ነበር። ጎማዎቿን መግጠም ብቻ ሲቀርህ ታመምክ። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ እንድሪስ «ዝገት ነው፣ ክፍሉን ይዞብናል» ብሎ ለቁራሌ ሸጣት። ስትመለስ ባዶውን ክፍል አየህና ገብተህ ተኛህ። ከዚያ አልጋ አልተነሳህም።

አሁን በየቀኑ ምሳውን አብልቼው አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንቱ ማለቴን አልተውኩም። «አጎቴ፣ ይስሙኝ» እለዋለሁ። የዚያች ባቡር ዓይነት ሠላሳ አምስት እንደተሠሩ፣ ብዙዎቹ በወፍ ስም እንደተጠሩ፣ አንዷ በእንፋሎት ከሚሄዱት ሁሉ በፍጥነት እንደበለጠች፣ ሌላዋ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ እንደወደመች፣ ልክ አንተ እንደነገርከኝ እነግረዋለሁ። ከዚያ የናፍጣ ባቡር መጣ፤ እነሱን በእሳት እየቆራረጡ ለብረት ሸጧቸው። እዚህ ላይ ስደርስ አልቸኩልም። ጭስ ማውጫውን፣ የእንፋሎት ጋኑን፣ ጎማውን በየስሙ እየጠራሁ አስቆርጣለሁ። ስድስቱን ግን የሚወዷቸው ሰዎች አተረፏቸው። «የአባዬን ማን ያትርፍለት ነበር፣ አጎቴ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ አለቀሰ። «አፉ በይኝ ልጄ፣ በቃኝ» አለኝ። እማዬ ከኩሽና ወጥታ «ተይው፣ ሽማግሌ ነው» አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ አሳዘነኝ። አፉ ማለት ግን የኔ አይደለም፤ የበደለው አንተን ነው።

እንባውን ጠረግኩለት፤ ትራሱን አስተካከልኩለት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።

አባዬ፣ እኔ አልረሳህም። እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም።

ልጅህ ዘሃራ