ልጄ እስካሁን እረፍት ላይ ናት

ለተከበሩ አቶ ሀብተሚካኤል ጉሉማ
የዋቤ ማዶ ስንዴ አምራቾች ዩኒየን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሰሞኑ የሳነቴ ብርድ ከቢሮዎ ደጃፍ እንዲመለስ፣ ስብሰባውም ለምሳ ያህል እንኳ ፋታ እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ዑስማን አብዲ፣ ጎባ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ገሰራ ባለችኝ የአባቴ መሬት ምክንያት የዩኒየንዎ አባል፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰነድ ክፍል ሠራተኛዎ የነበረችው የሱሀይላ አባት ነኝ። ልጄ በግንቦት ማለቂያ ስትሞት ድንኳናችን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው አልቅሰዋል፤ ከእንግዲህ የእኔን በር ማንኳኳት አያስፈልግዎትም፣ ቤትዎ ነው ብለውኛል። እውነትዎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኳኳሁ ቁጥር የሚከፍት ስላጣሁ፣ ማንኳኳቱ በእርግጥም አላስፈለገም።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ዩኒየኑ ስለደረሰበት ሥልጣኔ ላመስግን። ሰነዱ ሁሉ ከአቧራማው መደርደሪያ ወርዶ፣ ክላውድ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ገብቷል። ቀጥሎም ሠራተኛው በቢሮው፣ እኛ አባላቱ በስልካችን አንድ ቃል ጽፈን የፈለግነውን እንድናገኝ መፈለጊያ ተገዝቷል። ሁለቱን ያገናኘችው ሱሀይላ ናት። በጋውን ሙሉ እራት ላይ የምታወራኝ ይህንኑ ነበር። በሙከራው ሰሞን የአንዲት ባልደረባዋ የሕክምና ወረቀት ለቢሮው ሁሉ ተገልጦ፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስትገባና ስትወጣ አይታ እንቅልፍ አጥታለች። ስለዚህ መፈለጊያው ሁሉን ቢያይም ያየውን ሁሉ ለሁሉ እንዳይከፍት፣ ገና ላልተለቀቀ ነገር ርእሱን ብቻ አሳይቶ የባለቤቱን ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጋ አሰረችው። ለዚህ ሥራዋ የሰጧት የምስክር ወረቀት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አመሰግናለሁ፤ መስታወቱን በየጊዜው እወለውለዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ሱሀይላ ማንበብ ለማይችሉ የጎሮና የገሰራ አባላት ስለ ዘር አመራረጥና ስለ ስንዴ ዋግ መከላከያ በራሷ ድምፅ ትምህርት ቀድታ ነበር። ሁሉንም ባንድ ላይ ልትለቀው አስባ ሳለ ታመመች። እኛ ቤት የድምፅዋ ቅጂ የለም። አንድ ጣራ ሥር እየኖርን፣ ከጓዳ አባዬ ብላ እየጠራችኝ፣ ማን ድምፅ ይቀዳል ክቡር ሆይ? ስልኳም ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስንሯሯጥ ጠፋ። ባለፈው ወር ስሟን መፈለጊያው ላይ ብጽፍ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ቅጂዎቿን ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ርእስ «አከም ጂርቱ፣ ያ ሚሴንሶታ» ይላል፤ አባላቱን እንደምን ናችሁ ብላ የምትጀምርበት ነው። ስጫነው፣ ለመክፈት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ የሚል ጽሑፍ መጣ። ባለቤት፦ ሱሀይላ ዑስማን።

ጠየቅኋት። ምን ላድርግ፣ ጠየቅኋት። ትንፋሼን ሳልመልስ መልስ ገባልኝ። ሆስፒታል ስትገባ ለሥራው አስባ፣ ለጠየቃትም ለጻፈላትም ሁሉ በራሱ እንዲላክ ያዘጋጀችው ነው፦ «ሰላም። ለጊዜው እረፍት ላይ ነኝ። ስመለስ ጥያቄዎን አይቼ እፈቅድልዎታለሁ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሱሀይላ።» ሽማግሌ ነኝ፣ ተማሪዎቼ የሚያከብሩኝ ሰው ነኝ፤ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሁለተኛ፦ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ወይዘሪት ሌንሳ፣ አላህ ይስጣት፣ ነገሩን በቅንነት አስረድታኛለች። ሠራተኛዋ ከዚህ ዓለም መለየቷ በሲስተሙ ላይ ከተመዘገበ፣ በእጇ የነበረው ሁሉ ለኃላፊዋ ይተላለፋል፤ ኃላፊዋም ይከፍትልኛል። ምዝገባው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ነገር ግን ያንን ቁልፍ የሚጫን ሰው በመሥሪያ ቤትዎ አልተገኘም። የሰው ኃይል ክፍሏ ወይዘሮ ሰሚያ እጄ እምቢ አለኝ ብላ እንባዋን ጠረገች፤ ምክትልዎ በእኔ እጅስ አይሁን አሉ፤ እርስዎም በጣም እንደሚከብድዎ ገልጸው ጉዳዩን ለሰነድ ኮሚቴው መሩት። ኮሚቴው ደግሞ የሰነድ ክፍል ተወካይ ካልተገኘች ምልዓተ ጉባኤው እንደማይሞላ፣ ተወካይዋም እረፍት ላይ በመሆኗ ስትመለስ እንደሚሰበሰብ በማኅተም አረጋግጦልኛል።

ለይሉኝታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐኪሞቹ ያቃታቸውን ቢሮዎ ችሎታል፤ ልጄ እናንተ ዘንድ እስከ ዛሬ አልሞተችም። ችግሩ እኔ ቤት መሞቷ ብቻ ነው። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው፣ እናቷ ረቢያ እስካሁን ሳህን ስታወጣ ተሳስታ ሦስት ታወጣለች። ድምፅዋን አንዴ ብቻ ብሰማ ትለኛለች፣ ዋግ ስለሚባል የስንዴ በሽታም ቢሆን ግድ የለኝም ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጉዳዩ በኮሚቴ ተይዟል እላታለሁ።

ሦስተኛውን በእርስዎ ላይ ለማሳበብ አሰብኩና ተውኩት፤ የእኔው ነው። ጠዋት ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ያንን የፈቃድ መጠየቂያ እጫናለሁ። እንደማትፈቅድልኝ አውቃለሁ፤ የምጫነው መልሱ እንዲመጣ ነው። «ስመለስ» የምትለዋን ቃሏን ለማንበብ ነው። ሌንሳ እንደነገረችኝ፣ መሞቷ የተመዘገበ ዕለት ይህም መልስ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ እናንተን እየወቀስኩ፣ በልቤ ደግሞ እናንተው እንድታዘገዩልኝ ስመኝ ከረምኩ። ይኸው ነው፤ እኔም ከእናንተ አልተሻልኩም።

አሁን ግን ወስኛለሁ። ረቢያ መስማት አለባት። ልጄን የቀበርናት ዕለት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ከሰዎቹ እጅ የተቀበልኳት፣ ፊቷን ወደ ቂብላ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ያንን የቻለ እጅ የእናንተን ቁልፍም ይችላል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ማንም እንዲጫን አይደለም። ቢሮውን ከፍተው፣ ወንበር አቅርበው፣ ቁልፉ የቱ እንደሆነ ብቻ ያሳዩኝ። ልጄ መሞቷን እኔ እመዘግበዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለልጆችዎ ጤናን፣ ለኮሚቴዎ የተሟላ ምልዓተ ጉባኤን እመኛለሁ።

በደጅዎ መቆምን የለመደው አክባሪዎ፣
ዑስማን አብዲ
የሱሀይላ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት፣ ለጨዋነት ያህል ለእርስዎም ለሱሀይላም በየአድራሻችሁ ልኬው ነበር። ከሁለታችሁ የመለሰችልኝ የሞተችው ናት።