ከኦሲሌተር ሣጥኔ ስለጠፋችው አምፖል

ለተከበራችሁ የወረዳችን የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ አዘጋጆች፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ የቀጨኔው መድኃኔዓለም ጤናችሁን እንዲጠብቅ፣ ይልቁንም ጆሯችሁን እንዳይነሳችሁ እለምናለሁ። ለዐውደ ርዕያችሁ ያዋስኳችሁን ኦሲሌተር፣ ማለትም ሳይን ዌቭ የሚሉትን፣ ሌላ ድምፅ ያልተቀላቀለበትን የጠራ ድምፅ የምታወጣውን የእንጨት ሣጥኔን፣ አቧራዋን ሳይቀር ወልውላችሁ ስለመለሳችሁልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ቅር ያሰኙኝ ነገሮች ግን አሉ።

፩ኛ. በውስጧ በቅጡ የማትበራ ትንሽ አምፖል ነበረች። የኦሲሌተር ድምፅ ካልገቱት በራሱ እያደገ ይሄዳል፤ አምፖሏ ስትሞቅ ልጓም ትሆነዋለች። አሁን እሷ የለችም፤ ሽቦዎቿ እርስ በርስ ተጠምዘው፣ የጎብኚ ዓይን እንዲስብ ይመስለኛል፣ ደማቅ ቀይ መብራት ገብቷል። ድምፁም ልጓም አጥቶ ከልኩ በላይ ስለሚያድግ ጫፉ ተቆርጦ ይሻክራል።

፪ኛ. ማንም እንዳልከፈታት በጽሕፈት ቤታችሁ ተነግሮኛል። እኔም ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው ብዬ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የገዛ ጆሮዬን ነው፤ ጾሙ ያደከመኝም መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ኢየሩ የሸማኔ ልጅ ስለነበረች፣ የሣጥኗን ክዳን በጥጥ ፈትል ያሰረችው በሸማኔ ቋጠሮ ነው። ካረፈች ወዲህ ፈትቼው አላውቅም፤ ባትሪውን እንኳ ከውጭ ነው የምቀይረው። የመጣልኝ ግን የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው። ምናልባት በመንገድ ላይ ራሱን ፈትቶ ራሱን አስሮ ይሆናል።

፫ኛ. ባለሱቋ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሩቅያ ጆሮዋ እየደከመ ስለሆነ በሣጥኗ እንሞክረዋለን፤ ድምፅ ስትሰማ ጣቷን ታነሳለች። ወፍራሞቹን ድምፆች መስማት ካቆመች ሰንብታለች። ሣጥኗ ከእናንተ ከመጣች በኋላ ግን ለሁሉም ጣቷን አነሳች፤ አልሐምዱሊላህ ብላ የሆስፒታል ቀጠሮዋን ሰረዘች፤ እኔም ሞኙ አብሬ አመሰገንኩ። ለካ የሰማችው ወፍራሙን ድምፅ ሳይሆን መሻከሩ ጎትቶ ያመጣቸውን ቀጫጭን ድምፆች ኖሯል። ይህን ብነግራት፣ ዐውደ ርዕይ ላይ የቀረበ ሣጥን ይዋሻል ወይ፣ አንተ ሰውዬ ቀናህብኝ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

ስለዚህ አምፖሏን እንድትመልሱልኝ፣ ከጠፋችም ከመካከላችሁ አንድ ደፋር ሱቋ ድረስ መጥቶ “የከፈትነው እኛ ነን” እንዲላት በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ። ከእኔ ይልቅ እናንተን ታምናለች፤ ጆሮዋ ግን እናንተን አይጠብቅም።

ስጠረጥራችሁ ለማደሬ ይቅርታችሁን፣ ጥርጣሬዬ እውነት ከሆነም ይቅርታ መጠየቃችሁን በጉጉት የምጠባበቅ፣

ሌሊሳ ቦና፣ ከቀጨኔ

ማስታወሻ፦ ቀይዋን መብራት ነቅዬ በራችሁ ላይ ትቼላችኋለሁ። የእኔዋ ሳትበራ ትሠራ ነበር፤ ይቺ ሳትሠራ ስለምትበራ ከቢሯችሁ ጋር ትስማማለች።