ተኩላው የገባበት ዜማ

ውድ ኦኮ፣

የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ታድሶ ተመለሰ። በጦርነቱ ዘመን ለመሣሪያ ተወስደው ቀልጠው የቀሩት የፊት ቧንቧዎች በአዲስ ተተኩ፤ አንተ "የከብት ማጠጫ" እያልክ ስትሰድባቸው የኖርካቸው የምትክ ዚንክ ቧንቧዎች ተነቅለው ወጡ። ግራጫው ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ቀዩና ወርቃማው ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ በክርኔ ልጎሽምህ ዞር ስል ከኦርጋኑ ስትወርድ ከጎኔ በምትቀመጥበት ቦታህ ላይ ጎረቤታችን ሀቦ ተቀምጧል።

ቅኝቱም ዕድሜህን ሙሉ ጉባኤውን ስትነዘንዝለት ወደኖርከው ወደ ጥንቱ ተመልሷል። አያቶቻችን እንደ ፒያኖ ካስተካከሉት ወዲህ ዜማው ሁሉ ደብዝዟል ትል አልነበር? እውነትህን ነው፤ መዝሙሩ አሁን ማር ማር ይላል። ለልጃችን ለዊብኬ የደረስከው ዜማ ግን አልሆነለትም።

ይህን የነገረችኝ አንተን የተካችው ኦርጋን ተጫዋች ቶምኬ ናት። ቤት መጥታ ሻይዋን ጠጣች፤ በቃኝ ለማለት ማንኪያዋን ኩባያው ውስጥ አስገብታ አቀረቀረች።

"እማማ ሂልኬ፣ የልጅዎን ዜማ ሞከርኩት። ተኩላው ገባበት።"

"የምን ተኩላ ነው ደግሞ?"

"በጥንቱ ቅኝት አብረው ሲመቱ የሚጮኹ ድምፆች አሉ፤ በፒያኖው ቅኝት አይሰሙም። እኛ ተኩላ ነው የምንላቸው። ጋሽ ኦኮ ዜማውን እዚያው ላይ ጥደውታል። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ላድርገው? ያምራል፣ ማንም አያውቅብንም።"

"እሱ ከጻፈው ንክች እንዳታደርጊ!" አልኳት። ከሁለታችሁም የቀረኝ እሱ ብቻ ነውና።

ቦዩ ላይ በረዶው ተሰብሮ የወሰዳትን ልጃችንን ስንቀብር አላለቀስክም። ሰዉ ልበ ድንጋይ አለህ። እኔም፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ ቅር ብሎኝ ኖሬያለሁ። ዜማዋን ደርሰህ በየዓመቱ ስትጫወትላትም ጸጥ ያለ ነገር ነበር። ስትጨርስ "ገና ነው፣ ይሄ ኦርጋን አልቻለውም" ትለኛለህ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

በምረቃው እሑድ ቶምኬ እንዳለ ተጫወተችው። መጀመሪያው ለስላሳ ነው፤ ዊብኬ ግቢው ውስጥ ስትሮጥ የሰማሁ መሰለኝ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ተኩላው ጮኸ። ሰዉ ተሳቀቀ። ሀቦ "የድመቷን ጭራ ማነው የረገጠው?" አለ። ቶምኬ ጣቷን አላነሳችም፤ አንተ እንዲረዝም ጽፈኸዋል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ለስላሳው ተመለሰ።

ያኔ ገባኝ። ተኩላው የት እንደሚተኛ ካንተ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ሆን ብለህ እዚያ ጻፍከው፤ ቅኝቱ እስኪመለስ ጩኸቱ ተደብቆ ቆየ። ኦኮዬ፣ ለካ አልቅሰህላታል! ልቅሶህን ኦርጋኑ ውስጥ አስቀምጠህ፣ የሚያወጣልህ ቀን ሳይደርስ ሞትክ። አሁን ስሰማህ አይዞህ የምልበት ትከሻ የለም። ይሄ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ቶምኬ ከኦርጋኑ ሰገነት ወርዳ "ይቅርታ እማማ፣ ለሚቀጥለው ዝቅ ላድርገው?" አለችኝ።

"የኔም ቀን ሲደርስ እንዲሁ ትጫወቺዋለሽ" አልኳት። ቃል ገብታልኛለች።

እስከዚያው ቦታህ ላይ ሀቦን አላስቀምጥም።

ያንተው ሂልኬ