መሥሪያ ቤትዎ ስላጸዳልን ሳል

ይድረስ ለክቡር የቆዩ ፊልሞች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ዕድሜና የማያቋርጥ ስብሰባ እመኛለሁ። በተለይ ደረትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ደረትን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

እኔ ዕድሜዬን የዳቦ ጋሪ በመግፋት የጨረስሁ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያላሳለፍሁ፣ ባለቤቴን ከቀበርሁ ወዲህ ከጸሎት ቤትና ከሰፈራችን ሲኒማ ቤት በቀር ሌላ መሄጃ የሌለኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው እርስዎን ለመሰለ ሰው በጋዜጣ መጻፉ ድፍረት መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ፈጣሪን እንኳ ያለ ቀጠሮ ማነጋገር የለመድሁ በመሆኔ፣ የእርስዎን ቀጠሮ መጠበቁ ከበደኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ወር መጨረሻ እንዲወገድ ያዘዙት የ«ዳቦ ቤቱ» ፊልም አሮጌ ቅጂ እንዳይወገድ። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የወረራውን ዘመን ያሳያል። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ሴት የቆሰለ አርበኛ ከዳቦ ቤቷ ወለል ሥር ደብቃ፣ በላዩ የዱቄት ጆንያ ደርድራ፣ እንደ ወትሮዋ መጋገሯን ትቀጥላለች። በፊልሙ ውስጥ ስለ ነፃነት ንግግር የሚያደርግ ሰው የለም፤ ባንዲራ የሚያውለበልብ የለም። ሴትዮዋ ታቦካለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ትፈራለች። ፍርሃቷን የምናውቀው እንኳ ሊጡን ከሚገባው በላይ ስታሸው ነው። ብዙ የጦርነት ፊልም አይቻለሁ፤ ጀግንነት ከሥራ ልብስ ጋር ይህን ያህል ተመሳስሎ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የፍተሻው ትዕይንት ነው። የጠላት መኮንን ትኩስ ዳቦ ቆርሶ፣ ልክ ከተደበቀው ሰው ራስ በላይ ቆሞ፣ እያላመጠ ቤቱን ያያል። ሙዚቃ የለም። የምድጃው እሳት ብቻ ይሰማል። በዚያ መሐል አንድ አጭር፣ የታፈነ ሳል ይመጣል። መኮንኑ ማላመጡን ያቆማል። የሴትዮዋ ዓይን ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በመዳፏ ጆንያውን በኃይል ትመታዋለች። ዱቄቱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ጥቁሩ ክፍል ነጭ ይሆናል። እሷ ታስላለች፣ ወታደሮቹ ያስላሉ፣ መኮንኑም ዳቦው ትን ብሎት ያስላል። ሁሉ ሲያስል የትኛው ሳል የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል? እየተራገሙ ይወጣሉ። ሰውዬው ይተርፋል።

ያ ሳል፣ ክቡር ሆይ፣ በፊልሙ ጽሑፍ ላይ አልነበረም። የሟች ባለቤቴ ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው እኛ በምንሠራበት ዳቦ ቤት ነበር። ባለቤቴ ያኔ ገና ባለቤቴ አልሆነችም፤ ዱቄት የምትነፋ ልጅ ነበረች። ዱቄት ቢያስፈልግ ብለው ወንፊቷን አስይዘው ከካሜራው ጀርባ አቆሟት፤ ትንፍሽ እንዳትይ አሏት። ትንፋሿን ይዛ ይዛ በመጨረሻ ደረቷ ከዳት። ካሳለች በኋላ በጓሮ በር ወጥታ እኔ ጋሪዬን ይዤ ከቆምሁበት እየሮጠች መጥታ፣ «ጉዴ ፈላ! የሰው ፊልም አበላሸሁ፤ ከየት አምጥቼ ልከፍላቸው ነው?» አለችኝ። እኔም ያለኝ መሸሸጊያ እሱ ብቻ ስለነበረ የዳቦውን ሸራ ገልጬ፣ «ግቢና ዝም በይ» አልኋት። ወዲያው ዳይሬክተሩ ወጣና «የታለች ያቺ ያሳለችው?» ብሎ ጮኸብኝ። «ጌታዬ፣ እኔ ከዳቦ በቀር ያየሁት የለም» ብዬ ሳልጨርስ ሸራው ውስጥ ሆና ደግማ አሳለች። ሰውዬው እስኪያነባ ሳቀ። ጆንያውን መምታቱም የተዋናይቷ ድንገተኛ ብልሃት እንደነበረ፣ ሲለማመዱ ሰንብተው ያጡትን ድንጋጤ ይህች ልጅ በአንድ ሳል እንደሰጠቻቸው ነገረንና ግንባሯን ስሟት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሰፈራችን ሲኒማ ቤት በታየ ቁጥር ሳሉ ሲመጣ እኔ ከጎኗ ሆኜ «ይማርሽ!» እላለሁ። መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ቆይቶ ጎረቤቱ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ለመደው። እሷ በነጠላዋ ተሸፍና ጎኔን በክርኗ እየወጋች «አንተ ነህ ያስለመድካቸው፣ የት ልግባ!» ትል ነበር። የሰፈር ሰው «አክትረሷ» ብሎ ሲጠራት ትቆጣለች፤ ሳይጠራት ሲቀር ደግሞ ታኮርፋለች።

ከሞተችም በኋላ መሄዴን አላቆምሁም። በስልክ ድምፅ መቅረጽ የሚባለውን ነገር ሳንለምደው ነው የሄደችው፤ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ድምፅዋ እሱ ብቻ ነው። ከጎኔ ያለውን ወንበር ባርኔጣዬን አስቀምጬ እይዘዋለሁ። ጨለማው ውስጥ ሳሉ ሲመጣ ከሲኒማው ሸራ አይመጣም፤ ከኋላዬ፣ ከግራ በኩል፣ አንገቴ ሥር ነው የሚሰማኝ። ዘወር ብዬ አላውቅም። ዘወር ማለት የማይገባ ነገር እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ስለ ድምፁ ጽዳት። መሥሪያ ቤትዎ አጽድቶ ያዘጋጀው አዲሱ ቅጂ በተመረቀ ዕለት ክቡርነትዎ ተነሥተው ፊልሙ ከእንከን ሁሉ መጽዳቱን ሲያበሥሩ ከልቤ አጨብጭቤአለሁ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። መኮንኑ ማላመጡን አቆመ፤ ምንም አልተሰማም። የሴትዮዋ ዓይን ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልተሰማም። ጆንያውን በጥፊ አጮለችው። ከፊቴ የነበረ ጎልማሳ ለጓደኛው «ሴትዮዋ ለየላት እንዴ?» አለውና ተሳሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ እብድ መስላለች። እኔ ግን አፌ ቀድሞኝ «ይማርሽ» ብዬ ነበር። ብቻዬን። እነዚያ ሁለቱ ዘወር ብለው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባዶውን ወንበር አዩ፤ ሳቃቸውንም ተዉት። ከሳቃቸው ይልቅ መተዋቸው አስፈራኝ። ለዚህ ልዩ ምሽት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ የድምፅ ባለሙያዎን አነጋግሬአለሁ፤ ትሑት ሰው ነው፣ ወንበርም ስቦልኛል። «አባባ፣ የሚያስለው ሰው ምስሉ ላይ ከሌለ ድምፁ ጉድለት ነው የሚባለው» አለኝ። «ወለሉ ሥር ያለውስ ሰውዬ?» አልሁት። «እሱ አይታይም እኮ» አለኝ። መደበቁ ስለሆነ ነው የማይታየው ብዬ ላስረዳው ፈልጌ፣ የሥራ ሰዓቱን መሻማት መሰለኝና ተውሁት።

፪ኛ. ስለ ዱቄቱ። ኮምፒውተራችሁ ዱቄቱንም ፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራ መስሎት አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርጎታል። ስለዚህ በአዲሱ ቅጂ አንድ ጓድ ወታደር እንደ ውኃ በጠራ አየር መሐል ቆሞ በኅብረት ያስላል። ጤና ቢሮ ያዘጋጀው ትምህርታዊ ፊልም ነው ቢባል የሚጠራጠር የለም። የጠላት መኮንን ከነወታደሩ ገብቶ፣ ከላዩ ቆሞ ፈልጎ ያጣውን ሳል የእርስዎ መሥሪያ ቤት አገኘው፦ መጀመሪያ ዱቄቱን ገለጠ፣ ቀጥሎ ሳሉን ያዘ፣ ከዚያ አስወገደው። ያ መኮንን እንደናንተ ያለ ባለሙያ ቢኖረው ኖሮ ታሪካችን ሌላ ይሆን ነበር።

፫ኛ. ስለ አሮጌው ቅጂ። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ «የተተኩ ቅጂዎች ቦታ ስለሚያጣብቡ ይወገዳሉ» የሚል ማስታወቂያ ከነማኅተሙ አንብቤአለሁ። ሚስቴን አንድ ጊዜ ገንዤ ቀብሬአለሁ፤ ያን ጊዜ አጠገቤ ጎረቤት ነበረ፣ ጸሎት ነበረ፣ አፈሩንም ራሴ አልብሻታለሁ። ሁለተኛውን ቀብር በሰሌዳ ላይ ማንበብ ግን እንዴት ያለ እንደሆነ ልገልጽልዎ አልችልም፤ እርስዎም እንዳይደርስብዎ እጸልያለሁ፣ ይህን ደግሞ ያለ ምንም ሽሙጥ ነው።

፬ኛ. አራተኛው በራሴ ላይ ነው። ለጸሎት ቆሜ ራሴን ጠይቄአለሁ፦ የምወድደው ፊልሙን ነው ወይስ ሳሉን? ነፍሷን ለፈጣሪ ከሰጠሁ በኋላ ሳሏን ይዤ መቅረቴ አደራውን በግማሽ መመለስ አይሆንብኝም? አንዳንድ ጊዜ ምናልባት ይህ ጽዳት ከላይ የመጣ ተግሣጽ ነው፤ ልቀቃት ተብያለሁ እላለሁ። ከዚያ ባዶውን ቤቴን ከፍቼ ስገባ፣ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ጆሮዬ ከወዲያኛው ክፍል አንድ ነገር ይጠብቃል። ቀድሞ ጸጥታው እሷ የሌለችበት ነበር፤ አሁን ግን ትንፋሿን ይዛ የቆመችበት ነው። እንዳይሰሙኝ ብላ። ልጅ ሆና ትንፍሽ እንዳትይ እንዳሏት። ተንፍሺ፣ ማንም አይቆጣሽም ልላት እፈልጋለሁ፤ ከማስታወቂያዎ በኋላ ግን ይህን አፌን ሞልቼ ማለት አልችልም።

ስለዚህ አዲሱን ቅጂ ይያዙት፤ ያምራል፣ ያበራል። አሮጌውን ግን ይተዉልን። ሲኒማ ቤቱ በየጊዜው ሊያሳየው ፈቃደኛ ነው፤ የፊልሙ ጥቅሎች የሚያጣብቡት ቦታ ከአንድ ወንበር አይበልጥም፤ ቦታ ቢጠፋ እኔ ቤት አንድ ባዶ ወንበር አለ።

በዘመንዎ ሁሉ የሚያጸዱት እንዳያጡ፣ ያጸዱትም እንዳይጸጽትዎ እየለመንሁ፣ ወንበር ስቦ ላስቀመጠኝ ባለሙያዎ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ አገልጋይ
የዳቦ ጋሪ ገፊው

ማሳሰቢያ፦ በዚያ አዳራሽ «ይማርሽ» እንል ከነበርነው በሕይወት ያለነው ጥቂት ሰዎች ተጠራርተን፣ ፊልሙ በሚወገድበት ቀን በመሥሪያ ቤትዎ ኮሪደር ለመቀመጥ ተስማምተናል። ጩኸት የለንም፣ መፈክርም አንይዝም፤ ሁላችንም አርጅተናል፣ ደረታችንም ደኅና አይደለም። በስብሰባዎ መሐል ከየአቅጣጫው አንዳንድ ድምፅ ቢሰማዎ የማን እንደሆነ ለማጣራት ባይደክሙ ይሻላል፤ አንናገርም።