በጨዋታ እረፍት የሚደወል ስልክ

ዓይኔ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ።

እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን በአባትህና በኳስ ጓደኞቹ ጨርቄን ልጥል ነው። «ድንቹን ጠብሰሽ፣ ስቴኪኒ ሰክተሽበት፣ በአንድ ትሪ አቅርቢላቸው፤ ቀላል ነው» አልከኝ አይደል? ቀላልስ ላንተ! ጎል ሲገባ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ትሪውን ከነድንቹ ሶፋዬ ላይ ደፋው።

አንተ ደግሞ የምትደውለው ሁልጊዜ በጨዋታው እረፍት ነው። እኔ ጓዳ ድንች ስጠብስ ስልኩ እንደ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔ ጋ ሲደርስ ጨዋታው ይጀመርና «ቻው እማዬ» ብለህ ትዘጋለህ። ለእኔ የሚተርፈኝ ስልኩ ላይ የቀረው የጣታቸው ዘይት ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥህና፣ እስቲ አንድ ቀን ኳስ በሌለበት ደውልልኝ። ውጤት አልጠይቅህም፤ የምጠይቅህ መብላትህን ብቻ ነው።

እናትህ