ስልኩ የተዘጋባቸው ሦስት ቀናት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እግርህስ? እግርህ መጎዳቱን እንዴት እንዳወቅሁ ወደ ታች እነግርሃለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እኔም ያው ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልህ ማፑሌ ናት፤ ከወርቅ ጉድጓዶቹ ማዶ ቦምቦሊኖ የምትሸጠው የሰፈራችን ልጅ። ባለፈው እሑድ መጥታ፣ «ወንድምሽን የሚመስል አንድ የሚያነክስ ልጅ ከእኔ ይገዛል፤ ስሙን ስጠይቀው ግን ይሸሸኛል» አለችኝ። አንተ ካልሆንክ፣ ያነበብከው ሰው እባክህ ለማፑሌ መልስላት።

አንተ ሳትነግረን ወደ ተዘጋው የወርቅ ጉድጓድ ከሄድክ ሰባት ወር አለፈ። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን ከእጇ አላወረደችም። አንተ በዋትሳፕ እንጂ በሌላ እንደማትደውል ስለምታውቅ፣ «ዳታው ከተዘጋ ልጄ በምን ያገኘኛል?» እያለች ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ስትጠብቅ ደግሞ በአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ የጨፈርክበትን ቪዲዮ ከኢንተርኔት ትከፍታለች። ያልቃል፤ እንደገና ትከፍተዋለች።

መስመሩ በስሜ ነው፤ ሂሳቡም ከደመወዜ ይቆረጣል። ጥቅሉ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ከዚያ በኋላ ያለው ያለ ጥቅል በውድ ዋጋ ይቆጠራል። በሚያዝያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ራንድ ቆረጡብኝ፤ የደመወዜ ግማሽ ማለት ነው። አሥራ አንድ ቀን ያለ መብራት ተቀመጥን። እማዬን ብናገራት፣ «አንቺ ልጅ፣ በወንድምሽ ላይ ሒሳብ ታሰቢያለሽ?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጥቅሉን ለማስቀየር ስልክ መሸጫው ሄድኩ። ሊምፎ የምትባል ቀልደኛ ልጅ ተቀበለችኝ። ሂሳቡን አይታ፣ «እቴ፣ እናትሽ ስልክ ነው የሚያዩት ወይስ ሲኒማ ቤት ከፍተዋል?» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ፦ ትልቁ ጥቅል ዋጋው ይሻለኛል፤ ግን የሚጀምረው ሰኞ፣ ወሩ ሲገባ ነው። አሮጌው ደግሞ አልቋል። «ሰዎች የሚቀጡት እዚህ መሃል ላይ ነው፤ ቀየርኩ ብለው ይከፍቱታል፣ አዲሱ ግን ገና አልገባም። ገብቷል የሚል መልእክት ሳይደርስሽ ዳታውን እንዳትነኪው።»

ቤት ገብቼ ዳታውን አጠፋሁት። ለእማዬ ኔትወርክ ተበላሽቷል፣ እስከ ሰኞ ይሠራሉ አልኳት። ዋሸኋት።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ሌሊት እማዬ ተኛች። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች። ዓርብ ገንፎዋን ጨርሳ በላች፤ ቅዳሜ ጎረቤት ሄዳ ስትስቅ ድምፅዋ እኛ ቤት ድረስ ተሰማኝ። እኔም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምነው እንዲሁ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ሰኞ ጠዋት መልእክቱ ገባ፤ እማዬ ሳትነቃ ዳታውን ከፈትኩት። የማላውቀው ቁጥር አራት ጊዜ ደውሏል፤ አራቱም ዓርብ። ከሥርም ድምፅህ ነበር። «እማ፣ ወጥቻለሁ። ድንጋይ እግሬን መታኝ። ስልኩ የሰው ነው። ዌልኮም ከተማ የታክሲ ተራው ጋ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነኝ፤ መሳፈሪያ የለኝም። እስከ እሑድ እጠብቃችኋለሁ፤ ኑልኝ።»

ሰኞ ነበር፣ ወንድሜ።

የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ታክሲ ያዝኩ። በቁጥሩ ብደውል አንድ ሰውዬ፣ «ልጁ ለአንድ ደቂቃ ተውሶኝ ነው፤ የት እንደሄደ አላውቅም» አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የምትጠርግ ሴት አገኘሁ። ሦስት ቀን እዚያ መቀመጥህን፣ ታክሲ በቆመ ቁጥር ብድግ ትል እንደነበር ነገረችኝ። «ትናንት ማታ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። የሚመጣልኝ ሰው የለም አለኝ» አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ «አንቺ ምኑ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ታክሲ ተራው ተመለስኩ።

አሁን የማልጽፈውን ልጽፍ ነው። ሊምፎ ያን ሐሙስ ሌላም ነገር ነግራኝ ነበር። ጣሪያ ማስያዝ ይቻላል አለችኝ፤ ሂሳቡ ሃምሳ ራንድ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። እስከዚያ ስልኩ ክፍት እንደሆነ ይቆያል፤ ቪዲዮ ካልከፈቱበት ለድምፅ ጥሪ ይበቃል፤ ማስያዣው ነጻ ነው። «ልሙላልሽ?» ብላ ቅጹን አውጥታ ብዕሩን አስጨበጠችኝ። ቅጹን ሳልሞላ ብዕሩን መለስኩላት።

ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ሃምሳ ራንድ አጥቼ አይደለም።

እማዬ ድምፅህን አልሰማችም፤ ሳታየው ደበቅሁባት። እኔ ግን አላጠፋሁትም። አሁንም፣ «ሰባት ወር ሙሉ አንዴ እንኳ አይደውልም?» ትላለች፤ እኔ ድስቱን አማስላለሁ።

ስልኩ ክፍት ነው። ጣሪያውንም አስይዣለሁ። ወረቀቱ ውስጥ መሳፈሪያ አድርጌልሃለሁ፤ ማፑሌ ታማኝ ናት። መምጣት ካልቻልክ ከማፑሌ ስልክ ደውል። የምታነሳው እማዬ ናት። ያን ዓርብ መደወልህን ንገራት፤ እኔ አልቻልኩም።

ከድንጋይና ከጨለማ ይጠብቅህ። ምድር ከላይህ ትጽና። በእግርህ ቆመህ ደጃችንን ለመርገጥ ያብቃህ።

ይቅር ብትላትም ባትላትም፣
እህትህ